ከደሴ የተላከ የእንቁጣጣሽ ሰላምታ፣ ስለ ሦስት ሥዕሎቼ

ውድ ወዳጆቼና ሥራዎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። ዘንድሮ ለሽያጭ ያቀረብኳቸው የዘይት ቀለም ሥዕሎች ለእኔ ምን ትርጉም እንዳላቸው ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ በዓሉን ምክንያት አድርጌ ልመልስላችሁ።

ትልቁ ሸራ የደሴ ሙዚየም ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ሙዚየሙ እንደተዘረፈ ታስታውሳላችሁ። የጠፉትን ቅርሶች ከትዝታዬ ብሥላቸው ዛሬም ያሉ ያስመስላል ብዬ ስለሰጋሁ፣ የሣልኩት ባዶዎቹን መደርደሪያዎችና ከመስኮት የገባውን የጠዋት ብርሃን ብቻ ነው። ለሳሎን ሐዘን ይበዛበታል ያሉኝ ገዢዎች አሉ፤ አልተሳሳቱም፣ ዋጋውን ግን በዚህ ምክንያት አልቀንስም።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሁለተኛውን ነው። እናቴና የሙስሊም ጎረቤታችን ለዓመት በዓል ቡና ተጠራርተው፣ አንዷ ማተቧን እንዳሰረች፣ ሌላዋ ሻሿን እንደተከናነበች ረከቦቱን ከበው ተቀምጠዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ታውቃላችሁ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፣ ያ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ሥዕል ብራና፣ እዚሁ ቅርባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በመኖሩ ይህ ሥርዓት ለእኛ ለወሎ ሠዓሊዎች ሩቅ አይደለም። እኔም ሁለቱን እናቶች በእነዚያው ሰፋፊ ዓይኖች ፊት ለፊት ሣልኳቸው፤ አንዷን በጎን ማስቀመጥ እጄ እሺ አላለኝም። ይህን ሥዕል የሚገዛ ሰው ታሪኩን ባይወደው እንኳ ቡና በሚፈላበት ክፍል ቢሰቅለው ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው በጦሳ ተራራ ግርጌ የፈነዳ አደይ አበባ ነው። ትንሽ የሆነው ጥሩ ቢጫ ቀለም ውድ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ በመሆኑ፣ በደሴ ክረምት ብርድና ጭጋግ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ስጦታ ልታደርጓቸው ያሰባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለዘንድሮ አይደርሱም። የአደይ አበባው ስሱ ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሙዚየሙ ግን ቀለሙ ወፍራም ነውና እስከ ጥር ድረስ ከግድግዳዬ ላይ አላወርደውም። እስከዚያ መጥታችሁ ማየት ለምትሹ በሬ ክፍት ነው፤ ለገዢም ለማይገዛም ቡና አለ። መልካም አዲስ ዓመት!