ብሎኬት መብሳት እንዲህ ያደክማል እንዴ?

ለሲንኩና ለልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ፍሳሽ ሁለት ቀዳዳ አስፈለገኝ። ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው፣ ቱቦው 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ። መጀመሪያ የጠራሁት ልጅ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ፤ ከውስጥ ብቻ ሲደበድብ ቆይቶ በውጭ በኩል አክንባሎ የሚያህል ልስን ረገፈ። ሸኘሁትና ሁለተኛውን ራሴ ሞከርኩ።

ድሪል ተከራየሁ። ከቱቦው ትንሽ ሰፋ ያለ ክብ በእርሳስ ሳልኩ፣ መሀሉን በረጅም ፑንታ እስከ ውጭ በሳሁት፤ ውሃው እንዳይመለስ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ አድርጌ ነው ታዲያ። ውጭ የወጣችውን ቀዳዳ መሀል አድርጌ እዚያም ክብ ሳልኩ። ከዚያ የክቦቹን ዙሪያ እንደ ወንፊት በሳስቼ፣ በመሮ ቀስ እያልኩ ከሁለቱም ወገን ወደ መሀል ገባሁ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ስለሆነ የድሪሉን ምት አጥፍቶ በማዞር ብቻ መስራት ይሻላል፣ ጠርዙ ብዙ አይሸረፍም። ኮለንና ቢም (የኮንክሪት ቋሚና አግዳሚውን) ግን እንዳትነኩ! ቤቱን የተሸከመው ፌሮ እዚያ ነው ያለው።

አቧራው ሽሮ ዕቃው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። የኔን ቀዳዳ ቱቦውን አስገብቼ ዙሪያውን በሲሚንቶና በአሸዋ ደፈንኩት። የልጁ እስካሁን ልስን እየጠበቀ ነው።