«ከቫይታሚን ኤ የተሠራ ነው» ያልኩ ዕለት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የካንሰር ክሊኒክ ፋርማሲስት ነኝ። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ እኔን ይጠሩኛል። እማማንም ያገኘኋቸው እንዲሁ ነው። ቆዳቸው ላይ የወጣው ሽፍታ ለዓመታት ችፌ ተብሎ ቅባት ሲታዘዝለት ኖሯል። በኋላ ናሙና ተወስዶ ሲታይ የቆዳ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ሆነ። ሁለት መድኃኒት ተሞከረ፤ በሽታው እምቢ አለ። ከዚያ ቤክሳሮቲን ታዘዘላቸው።

ቤክሳሮቲን ሬቲኖይድ ከሚባሉት የቫይታሚን ኤ ዘመዶች አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የተፈቀደው እንደ እሳቸው ሌላ ሕክምና ላልሠራላቸው ሰዎች ነው። የሴል እድገትና ሞትን በሚመሩ ጂኖች ላይ ይሠራል። እኔ ግን ነገሩን ለማቅለል ብዬ «አይስጉ እማማ፣ ከቫይታሚን ኤ የተሠራ ነው» አልኳቸው። ከምግብ ጋር እንዲውጡት ነገርኳቸው። ሌላ ምን እንደሚወስዱ ግን አልጠየቅኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለደም ምርመራ መጡ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስባቸው ጨምሯል፣ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ወርዷል። ሁለቱም ከዚህ መድኃኒት ጋር የሚጠበቁ ናቸው፤ መላም አላቸው። ግን ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። «ራሴን ይፈልጠኛል» አሉኝ። ይሄ ከነከነኝ።

«እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

ፌስታላቸውን ፈቱ። ከውስጡ የቫይታሚን ኤ ብልቃጥ ወጣ። አንዱ ፍሬ 25,000 ዩኒት። በቀን ሁለት ይውጣሉ።

«አንቺው ነሽ'ኮ ከቫይታሚን ኤ ነው ያልሽኝ። ቶሎ እንዲያሽረኝ ብዬ ልጄን አስገዛኋት።»

ሆዴ ባባ። መድኃኒቱ ሲጠና ታካሚዎቹ ተጨማሪ ቫይታሚን ኤ በቀን ከ15,000 ዩኒት እንዳያልፉ ይደረግ ነበር። እሳቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ወስደዋል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለእሳቸውም ለሐኪማቸውም ነገርኩ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር ሐኪሙ ዓይናቸውን አስመረመሩ። ደግነቱ ደህና ነበር። ቫይታሚኑ ቆመ፤ ራስ ምታቱም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው።

አሁን ለታካሚ ስናገር «የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ቫይታሚን ኤ አይጨምሩበት» እላለሁ። ፌስታሉንም በመጀመሪያው ቀን አስፈትቼ አያለሁ።

ያን ቀን እማማ ሊሄዱ ሲሉ «ካሮትስ ልተው?» አሉኝ።

«ካሮት ይብሉ። ሰውነት ከሱ የሚወስደው በልኩ ነው። ጉበት ግን የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው።»

«ዱለትስ?»

«ለበዓል ትንሽ ይቅመሱ። በየሳምንቱ ግን አይሆንም።»

ፌስታላቸውን መልሰው አሰሩ። ብልቃጡን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።