ክኒኑ ሲሠራልኝ የኖረው ሥራ

ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጮኋል። ድምፁን ስሰማ እጄ ሳላዘው ወደ መሳቢያው ይሄዳል። የወሊድ መከላከያ ክኒኔን ማሸጊያ በአውራ ጣቴ ስገፋው ከጀርባ ያለችው ብርማ ወረቀት ጧ ብላ ትቀደዳለች። አንድ ጉንጭ ውሃ፣ አለቀ።

አንድ ማታ ግን ክኒኗን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆየሁ። "እስከ መቼ ነው የምውጠው?" አልኩ ለራሴ። ጥያቄው ወራት ፈጀብኝ። ዛሬ የምጽፈው፣ በዚያ ሰሞን ይህን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው በጣም ፈልጌ ስለነበር ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። 20 ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ አንዴ ይመጣና አራት አምስት ወር ይጠፋል። ፊቴ ብጉር በብጉር ሆኗል። ከሁሉም የከፋው አገጬ ላይ የሚወጣው ፀጉር ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የወንድ ጺም የመሰለ። ጠዋት ጠዋት መስኮት ሥር ቆሜ፣ ትንሿን መስታወት ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ፣ አንድ በአንድ በወረንጦ እነቅላለሁ። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ከሰው ጋር ሳወራ አውራ ጣቴ አገጬን ይዳብሳል። ያመለጠኝ ይኖር ይሆን? ላልደረሰባት ሴት ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ አይደለም።

የደም ምርመራ ተደረገልኝ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ፣ "ፒሲኦኤስ ነው" ተባልኩ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ማለት ነው፤ የሆርሞን መዛባት ችግር። ለመለየት የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ አልትራሳውንድ ላይ ኦቫሪው (እንቁላል የሚወጣበት አካል) ውስጥ የሚታዩ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች። ሌላ በሽታ እንዳልሆነ ከተጣራ በኋላ፣ ለአዋቂ ሴት ከሦስቱ ሁለቱ ይበቃሉ። እኔ ሦስቱም ነበሩብኝ። ሐኪሙ የወሊድ መከላከያ ክኒን ጻፉልኝና "ይሄ ያስተካክልልሻል" ብለው ሸኙኝ። ለምን፣ እንዴት፣ እስከ መቼ የሚል ቃል አልወጣቸውም። አሁንም ቅር ይለኛል።

ክኒኑ ግን ሠርቷል። ደሙ ወር እየጠበቀ መጣ። በስድስት ወር ውስጥ ፊቴ ጠራ። ፀጉሩ ዓመት ቢፈጅም ሳሳ፣ ቀጠነ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፒሲኦኤስ ማሰብ ተውኩ። የዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ማቆም አማረኝ? አንደኛ፣ እኔና ባለቤቴ በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ዓመታት ልጅ እንፈልጋለን። ሁለተኛ፣ ያለ ክኒን ሰውነቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ከ20 ዓመቴ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ሦስተኛው ፍርሃት ነው። "ክኒን ለብዙ ዓመት የወሰደች ሴት አትወልድም" ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ሌሊቱን አልቅሻለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ክኒን መሃን አያደርግም። ካቆሙት በኋላ የሚመለሰው ከክኒኑ በፊት የነበረው ሁኔታ ነው። የእኔ ደግሞ ድሮም የተዛባ ነበር። ይህን ለይቼ ባውቅ ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ታላቅ እህቴን አማከርኳት። "እየሠራልሽ ያለውን ነገር ምን አስነካሽ?" አለችኝ። ተናደድኩባት። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ሌላ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ገና እንደተቀመጥኩ፣ "ክኒኑ ምን ምን ሲሠራልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። ወረቀት ሳቡና ማህፀን ሳሉ፤ ከውስጥ ግድግዳውን በእስክሪብቶ ደጋግመው አወፈሩት። "እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የለም። ፕሮጄስትሮን ከሌለ ይሄ ሽፋን እየወፈረ ይሄዳል እንጂ በወቅቱ አይራገፍም። ለዓመታት እንዲህ ከቀጠለ ሴሎቹ መልካቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ፤ ለማህፀን ካንሰርም በር ይከፍታል። ክኒኑ ሽፋኑን አሳስቶ ሲጠብቅሽ ነበር።"

ሁለተኛውን ሥራም ነገሩኝ። ክኒኑ ኦቫሪው የሚያመርተውን የወንድ ሆርሞን ይቀንሳል። ክኒኑ ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን ደግሞ ጉበት አንድ ፕሮቲን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። ያ ፕሮቲን ደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን፣ ማለትም የወንድ ሆርሞኑን፣ ይዞ ያስቀረዋል፤ ፀጉሩና ብጉሩ የቀነሰው በዚህ ነው። ሦስተኛው እርግዝና መከላከል ነው።

ከዚያ የማልረሳውን ተናገሩ። "በየወሩ ታዪው የነበረው ደም የወር አበባ አይደለም" አሉኝ። ሆርሞን ያለባቸው 21 ክኒኖች አልቀው ሰባቱ የእረፍት ቀናት ሲመጡ፣ ሆርሞኑ ስለሚቋረጥ ሽፋኑ ይደማል። እንቁላል አልወጣም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ "ተመስገን፣ ተስተካከለልኝ" እያልኩ ነበር። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንባዬ መጣ።

ክኒኑ የማያስተካክለው ነገርም አለ፤ ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን። ፒሲኦኤስ ያለብን ብዙዎቻችን ሰውነታችን ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም፣ ለስኳር በሽታም ቀረብ እንላለን። ይህን ዘጠኝ ዓመት ማንም አልለካልኝም። 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ ስኳሬ ከጤናማው መጠን አልፎ ተገኘ፤ በሽታ የሚባለው ደረጃ ግን አልደረሰም። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ከ500 ሚሊግራም ጀምሬ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አቅለሸለሸኝ፣ ከዚያ ተወኝ።

ስለዚህ ጥያቄው በእጄ ላይ ተቀየረ። ክኒኑ ሲሄድ እያንዳንዱን ሥራ ማን ይረከባል? ለማህፀኔ ሽፋን፦ 90 ቀን ደም ሳላይ ካለፈ ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ለ10 ቀን እወስዳለሁ። ልጅ ቶሎ የማትፈልግ ሴት ሆርሞን ያለው ሉፕ ብታስገባም ሽፋኑን ይጠብቅላታል። ለእርግዝና፦ እስክንዘጋጅ ድረስ ኮንዶም። እንቁላል የመጀመሪያው ደም ሳይታይ ቀድሞ ሊወጣ ስለሚችል፣ "ፔሬዴ ስላልመጣ አላረግዝም" ማለት አያዋጣም። ለፀጉሩ ግን ጥሩ ምትክ አላገኘሁም። ስፓይሮኖላክቶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ልጅ ላሰበች አይሆንም። የቀረኝ ፀጉሩን በሌዘር ማስነሳት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለአንዳንዶቻችን ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ራስ ምታት ከመጀመሩ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር የሚታይሽ ከሆነ፣ ደም ግፊትሽ ከፍ ካለ፣ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም 35 ዓመት አልፎሽ የምታጨሺ ከሆነ፣ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ላንቺ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪምሽን ዛሬውኑ አናግሪ። የአንድ እግር ማበጥና ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከእነዚህ አንዱም ለሌለባት ሴት የደም መርጋት አደጋው ትንሽ ነው፤ ክኒን ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ3 እስከ 9 ያህሉን ያጋጥማል። እርግዝና ራሱ ከዚህ ይበልጣል።

ክኒኑን መቀጠልም ሽንፈት አይደለም። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ፣ ማርገዝ ለማትፈልግ ሴት ለተዛባ የወር አበባና ለበዛ ፀጉር አሁንም ከመድኃኒት የሚያስቀድመው ክኒኑን ነው። እኔም ልጅ ባልፈልግ ኖሮ እቀጥል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወሰንኩ። ለስድስት ወር ልሞክረው። የያዝኩትን ማሸጊያ ጨረስኩና አዲስ አልከፈትኩም። ደብተር ገዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ደም መጣ። ያ የክኒኑ መቋረጥ ያመጣው ስለሆነ አልቆጠርኩትም። በ44ኛው ቀን የራሴ መጣ። ሽንት ቤት ተቀምጬ ባለቤቴን ተጣራሁ፤ ደነገጠ፣ ሮጦ መጣ። "መጣ! ራሱ መጣ!" አልኩት።

ሦስተኛው ወር ሲያልፍ ሆርሞኔን ድጋሚ ተለካሁ፤ ክኒን ላይ እያሉ መለካት ትክክለኛውን አያሳይም። ቴስቶስትሮኔ ከፍ ብሏል። መንጋጋዬ ሥር ብጉር ተመለሰ። አራተኛው ወር ላይ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ አውራ ጣቴ አገጬ ላይ አንድ ሻካራ ነገር አገኘ። የሚባለውን መስማት አቃተኝ። ያን ቀን ማታ መሳቢያውን ከፍቼ ያልተከፈተውን ማሸጊያ ለረጅም ጊዜ ይዤ ተቀመጥኩ። እህቴ ደወለች፤ ነገርኳት። "ነግሬሽ ነበር" ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "መጥቼ አንቺ ጋ ልደር?" ብቻ አለችኝ።

ሁለተኛው ዑደት ጠፋ። 90 ቀን ሲሞላ እርጉዝ አለመሆኔ ተረጋግጦ መድኃኒቱን ለ10 ቀን ወሰድኩ። ከጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ደማሁ። ሽፋኑ ተራገፈ ማለት ነው፤ እፎይ አልኩ።

አሁን ስድስት ወር ሞልቶኛል። ሌዘር ሁለት ጊዜ ተሠርቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ኮንዶሙን ለማቆም ተስማምተናል። ዶክተሯም ፎሊክ አሲድ አስጀምረውኛል፤ እንቁላል በራሱ አልወጣ ካለ እንዲወጣ የሚረዳውን ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት እንሞክራለን ብለውኛል። ማሸጊያው አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አልጣልኩትም። ከወለድኩ በኋላ ልመለስበት እችላለሁ።

ዛሬ ደብተሬ ላይ ቀን 38 ብያለሁ። 90ን በቀይ ከብቤዋለሁ።