ባሕር የነበረው አባይ በረሃ
ዛሬ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር መኪናችን ለአፍታ ስለቆመ፣ ለመንገድ ሥራ የተቆረጠውን ገደል ጠጋ ብዬ ተመለከትሁ (መንገድ ሠሪዎች ሳያስቡት የጂኦሎጂ ባለውለታ ሆነዋል)። ከአናቱ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቆች የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የረጋበት ሲሆን፣ ከእሱ በታች በአሸዋ ድንጋይ ተለይቶ የሚገኘው ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው፣ ይህን አገር ሸፍኖት በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ደለል ነው። ጥፍር የሚያክሉ የዛጎል ቅርጾች ተጣብቀውበት፣ ጠርዛቸው በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ወደ ወንዙ ሲወረድ ደግሞ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን የቀረው ጂፕሰም በነጭ መስመር ይታያል። ለሲሚንቶ የሚፈለገውም ይኸው ጂፕሰምና የኖራ ድንጋይ ነው።