ጴንጤ ሆኜ ከእማዬ ጋር እንዴት እንደታረቅን

የደሴ ልጅ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ሶስተኛ ዓመት ላይ ጌታን ተቀበልኩ፣ ቤት ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ የመጀመሪያው ጥፋቴ እሱ ነው። የፈነዳው አባቴ ሲሞት ነው። አርባው ደርሶ እማዬ ለተዝካሩ ጌሾ ታስወቅጣለች፣ እኔ ቤቱ ሰው እንደሞላ ተነስቼ "ለሞተ ሰው ተዝካር ምንም አይጠቅምም፣ ብር አላዋጣም" አልኩ። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጓዳ ገባች፣ ከዛ አስር ወር ስልኬን አላነሳችም።

በመሃል ያደረግኩት ሁሉ አባሰው። የህብረት ጓደኞቼን ሰብስቤ ሄድኩ፣ ጥቅስ በቴሌግራም ላክሁ (ማንበብ አትችልም እኮ፣ እህቴ ነች የምታነብላት፣ እሷም እየዘለለች)።

የገላገሉን ጎረቤታችን ናቸው፣ ሙስሊም አባት፣ ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ቡና የተጣጡ። በራቸው ሳልፍ ጠሩኝና "አንተ ልጅ፣ እኔ የአባትህ ተዝካር ላይ ድንኳን የተከልኩት ፍትሐቱን አምኜ ነው? ሥጋችሁን አልበላም፣ ለኛ ለብቻ ይታረዳል፣ ግን ቀርቼ አውቃለሁ?" አሉኝ። ምን ልበል። እውነትም እኛ ጋር ሰርጉም ለቅሶውም ሁለት ቢላ ሁለት ድስት ነው፣ ካላመንክ አትምጣ የሚል የለም፣ ይሄን እያየሁ ያደግኩት እኔ ነኝ እናቴን እምቢ ያልኳት።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሳምንት ቀድሜ ገባሁ። ሰው ፊት ሳይሆን እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ዳር ቁጭ ብዬ ነገርኳት፣ ፍትሐቱ ላይ አልቆምም፣ ሌላውን ስራ ሁሉ ለኔ ተይው አልኳት። ምጣዱን ከድና ዝም፣ ጭሱ አይኗን እያስለቀሳት ይሁን ሌላ እንጃ። አክንባሎውን ስታነሳ "እንግዲያው እንጨቱን ፍለጥ" አለችኝ። ፈለጥኩ፣ ውሃ ተሸከምኩ፣ ጠላ ቀዳሁ (አልጠጣም፣ መቅዳት ግን ማን ከልክሎኝ)።

ሁዳዴም እንደዛው፣ እሷ ቤት ከሆንኩ 55ቱንም ቀን ሽሮዬን ነው የምበላው። ድሮ እንቁላል ጥበሱልኝ ብዬ እሟገት ነበር፣ ምን ነክቶኝ እንደነበር።

አሁንም ወደ ማርያም እንድመለስ ትሳላለች፣ አውቃለሁ። መስከረም 21 ግሸን ደርሳ ስትመጣ ጸበል በሃይላንድ ሻንጣዬ ውስጥ ትሸጉጥብኛለች። አልጠጣውም፣ ልደፋው ስል ደግሞ እጄ እምቢ ይላል። መስኮቴ ላይ ሶስት ደርሰዋል።