ጅግራዋና ባክቴሪያው

ሐዋሳ፣ እሑድ ማታ

ዛሬ የተማሪዎቼን የባዮሎጂ ፈተና ሳርም አንድ መልስ ላይ ቆምኩ። «ጅግራንና ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አወዳድሩ» ብዬ ለጠየቅሁት፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ «ሁለቱ በምንም አይመሳሰሉም» ሲል በአንድ መስመር ጨርሶታል። ዜሮ ሰጠሁት፤ ሆኖም ወደ ማታ በሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል ድረስ ስሄድ ያ መስመር ከሐሳቤ አልወጣም።

ልጁ የጻፈው በዓይኑ የሚያየውን ነው። በስምጥ ሸለቆው ግራር ሥር ከመንጋዋ ጋር አፈር የምትጭር፣ ከአንድ ኪሎ በላይ የምትመዝን ዥጉርጉር ወፍ፣ ርዝመቱ የአንድ ሚሊሜትር 500ኛ እጅ ገደማ ከሆነ፣ ኒውክለስ (የህዋስ እምብርት) እንኳ ከሌለው ባለአንድ ህዋስ ፍጡር ጋር ምን ያገናኛታል? እሷ እንቁላሎቿን አራት ሳምንት ያህል ታቅፋ፣ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ደግሞ ከጭልፊት ስትጠብቅ ትከርማለች። እሱ ምግቡና ሙቀቱ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል፤ ከተከፈለም በኋላ የትኛው ወላጅ የትኛው ልጅ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ ልዩነት ነው።

ነገር ግን ሁለቱም የሕይወታቸውን መመሪያ የሚያስቀምጡት በዲ.ኤን.ኤ ነው፤ በአራት ፊደላት ይጽፉታል፣ ሦስት ሦስቱን ፊደል እንደ አንድ ቃል እያነበቡም ራይቦዞም በተባለው የህዋስ ክፍል ፕሮቲን ይሠራሉ። ቋንቋው አንድ በመሆኑ ነው የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪሽ እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ ያወጣው ይህ ባክቴሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የሰው ኢንሱሊን መመሪያ ሲሰጠው አንብቦ ኢንሱሊን ሊሠራ የቻለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ መድኃኒቱ ለሕሙማን ተፈቀደ። እናቴ ስኳር ስላለባት በየዕለቱ የምትወጋው መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ ባወጣሁ ቁጥር ይህንን አስባለሁ፣ ለተማሪዎቼ ግን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ኢ. ኮላይ በሰው አንጀት ብቻ ሳይሆን በወፎችም አንጀት ውስጥ እንደሚኖር፣ ማለትም ጅግራዋ ከእሷ ጋር ያወዳደርኩትን ፍጡር በሆዷ ይዛ ልትዞር እንደምትችልም አልነገርኳቸውም።

ዜሮውን አልሰረዝኩም፤ መልሱ ስሕተት ነውና። ከሥሩ ግን «ነገ ከክፍል በኋላ ጠብቀኝ» ብዬ ጻፍኩና የእናቴን ባዶ ብልቃጥ በቦርሳዬ ከተትኩ።