ከምድጃው በላይ ያለው ቁምሳጥን

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የወሰደው ከምድጃው በላይ ያለው የእንጨት ቁምሳጥን ነው። ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር የሚወጣው የዘይት እንፋሎት እዚያ ላይ አርፎ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ጣት ሲነካው እንደ ሙጫ የሚይዝ ቡናማ ነገር ሆኗል። ዘይት ሙቀትና አየር ሲፈራረቁበት እንዲህ ይጋገራል፤ በውሃ ብቻ የማይለቀውም ለዚህ ነው።

አምና በሽቦ ፈግፍጌው ነበር። ቅባቱ ለቀቀ፣ ቫርኒሹም አብሮ ሄደ። በአንዱ በር ጥግ የቀረውን ነጭ ጭረት ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ እናቴ ስንት ዓመት ተንከባክባ የያዘችው ዕቃ ነው።

ዛሬ እሷው አጠገቤ ቆማ «አትፈግፍጊው ልጄ፣ ይራስ ተይው» እያለች አሠራችኝ። መጀመሪያ በማይታየው የበሩ ውስጠኛ ጥግ ሞከርን፤ ቀለም አልለቀቀም። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ላርጎ ጠብ አድርጌ፣ ለስላሳ ጨርቅ ነክሬ፣ ጥሩ አድርጌ ጨምቄ ቅባቱ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ለጠፍኩት። ሳነሳው ጨርቁ የሻይ ቀለም ይዞ መጣ። እጀታው ዙሪያ እምቢ ያለውን ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብተን አለሳለስነው፤ ዘይት ዘይትን ያሟሟል። እንደገና በሳሙናው፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ወዲያው በደረቅ። ውሃ ከቆየበት እንጨቱ ያብጣል።

በረኪና ግን እባካችሁ ተዉት። ቀለሙን ያነጣዋል፤ ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

የአምናው ጭረት አሁንም አለ። ሌላው በር ላይ ግን የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍ የእንጨቱ መስመሮች ታዩ፤ እማዬ በመዳፏ ዳሰስ አድርጋው ወደ ቡናዋ ተመለሰች።